ፕሮሰሰርን አስቁሞ ማየት፦ ከካምብሪጅ እስከ ተማሪው ብራውዘር

እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 1949 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ቤተ ሙከራ ኤድሳክ የተባለ ኮምፒውተር የመጀመሪያ ፕሮግራሙን ሠርቶ አሳየ። ከ0 እስከ 99 ያሉትን ቁጥሮች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝቶ ውጤቱን በሰንጠረዥ አተመ። 3,000 ያህል የቫኩም ቱቦዎች የተደረደሩበት ይህ ማሽን አንድ ክፍል የሚሞላ ነበር፤ ሥራውን የመራው ሞሪስ ዊልክስ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከደስታው ማግስት ግን ያልታሰበ ችግር ብቅ አለ። ዊልክስ በዚያው ዓመት 126 ትእዛዞች ያሉት አንድ የሒሳብ ፕሮግራም ጻፈ፤ 20 ያህል ስህተት ተገኘበት። የቀሪ ዕድሜውን ብዙውን ክፍል የገዛ ፕሮግራሞቹን ስህተት ሲፈልግ እንደሚያሳልፍ የተገለጠለት ያን ጊዜ እንደሆነ ከብዙ ዓመታት በኋላ በሕይወት ታሪኩ ተርኳል። ያስቸገረው ስህተት መኖሩ ብቻ አልነበረም፤ የት እንዳለ አለመታየቱ ነው። ፕሮግራሙ በወረቀት ጥብጣብ ላይ ተበስቶ ይገባል፤ ማሽኑ በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትእዛዞችን ይፈጽማል፤ መጨረሻ ላይ ወይ የተሳሳተ ቁጥር ያትማል፣ ወይ ጭራሽ ዝም ይላል። በመካከሉ ምን እንደተፈጠረ የሚናገር ነገር የለም።

መጀመሪያ የተያዘው መላ ማሽኑን አስቁሞ ማየት ነበር። ፕሮግራመሩ ኤድሳክን ያስቆመውና አንድ ቁልፍ በተጫነ ቁጥር አንድ ትእዛዝ ብቻ እያስኬደ፣ የሜሞሪውን ይዘት በትንንሽ ስክሪኖች ላይ በነጠብጣብ መልክ ይመለከታል። ነገር ግን በመላው ዩኒቨርሲቲ የነበረው ማሽን አንድ ነው። አንዱ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ሲያስብ ሌሎቹ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ስለዚህ ይህ ዓይነቱ አሠራር የማሽን ጊዜ ያባክናል ተብሎ ቶሎ ተነቀፈ።

መፍትሔውን ይዞ የመጣው ስታንሊ ጊል የተባለ ወጣት ተመራማሪ ነው። ጊል በ1951 ባሳተመው ጥናት ያቀረበው ሐሳብ እንዲህ ነው፦ የፕሮግራመሩን ፕሮግራም ማሽኑ በቀጥታ እንዲፈጽመው ከመተው ይልቅ፣ ሌላ ፕሮግራም በመካከል ገብቶ ትእዛዞቹን አንድ በአንድ እያነሳ ይፈጽማቸው፣ በየደረጃውም ያደረገውን ያትም። ማሽኑ ራሱን በራሱ ላይ እየተረከ ይሠራል ማለት ነው። ሥራው ከወትሮው እጅግ ይዘገያል፤ በምላሹ ግን ፕሮግራመሩ የሆነውን ሁሉ የሚያሳይ ወረቀት ይዞ ወደ ጠረጴዛው ይሄዳል። ዛሬ ፕሮግራሚንግ ለማስተማር የምንጠቀምባቸው ኢሙሌተሮች ሁሉ ዘራቸው ከዚህ ይመዘዛል። ኢሙሌተር ማለት አንድ ኮምፒውተር የሌላውን ፕሮሰሰር ሥራ ትእዛዝ በትእዛዝ እንዲሠራ የሚያደርግ ፕሮግራም ነውና።

ከዚያ ወዲህ ያለው የሰባ ዓመት ታሪክ ስለ ፍጥነት ብቻ የሚወራ አይደለም። እኔ እንደማየው፣ የማስተማሩ ታሪክ ተማሪው ፕሮሰሰሩን በፈለገበት ቦታ አስቁሞ የመመርመር ዕድል እያደር ወደ እጁ የቀረበበት ታሪክ ነው።

ከካርቶን የተሠራ ኮምፒውተር

በ1960ዎቹ ኮምፒውተር የነበራቸው ታላላቅ ድርጅቶችና ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። አይቢኤም በኤፕሪል 1964 ሲስተም/360 የተባለውን የኮምፒውተር ቤተሰብ ሲያስተዋውቅ ደንበኞቹ ለአሮጌዎቹ ማሽኖች የጻፏቸውን ፕሮግራሞች ጥለው መምጣት አልፈለጉም። ኩባንያው አዲሱ ማሽን የአሮጌውን ትእዛዞች እንዲፈጽም አደረገ፤ ኢሙሌተር የሚለው ስም የተለመደውም ከዚያ ወዲህ ነው። ይህ የንግድ ጉዳይ ስለነበር ለክፍል ውስጥ ትምህርት ያመጣው ነገር ጥቂት ነው።

መምህራን የሄዱበት መንገድ ሌላ ነበር። በ1965 በአሜሪካ በኤምአይቲ ስቱዋርት ማድኒክና ጆን ዶኖቫን ለተማሪዎቻቸው አንድ ታሪክ ፈጠሩላቸው። በአንድ ክፍል ውስጥ ትንሽ ሰው ተቀምጧል፤ ፊት ለፊቱ ከ0 እስከ 99 ቁጥር የተለጠፈባቸው 100 የፖስታ ሳጥኖች፣ አንድ የሒሳብ መኪና፣ አንድ መግቢያና አንድ መውጫ ቅርጫት አሉት። ሰውዬው የሚያውቀው ጥቂት ትእዛዝ ብቻ ነው፦ ከዚህ ሳጥን ቁጥር አምጣ፣ ደምር፣ ቀንስ፣ እዚያ ሳጥን ውስጥ አስቀምጥ፣ ወደዚህኛው ሳጥን ዝለል። ይህን የሰማ ተማሪ የፕሮሰሰርን ሥራ ያለ ማሽን በሐሳቡ መከተል ይችላል። ሊትል ማን ኮምፒውተር (ትንሹ ሰው ኮምፒውተር) የተባለው ይህ ትምህርት ዛሬም አለ፤ በብራውዘር የሚሠሩ ብዙ ቅጂዎች ወጥተውለታል።

በ1968 የቤል ቤተ ሙከራ ባልደረቦች ዴቪድ ሃግልባርገርና ሶል ፊንገርማን ሐሳቡን በእጅ የሚነካ አደረጉት። ካርዲያክ ያሉት ኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ ከካርቶን የተሠራ ሲሆን የታሰበውም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነው። 100 የሜሞሪ ቦታዎችና 10 ትእዛዞች አሉት። ተማሪው በእርሳስ ይጽፋል፤ ተንሸራታቾቹን እየሳበ መስኮቱ ላይ የሚወጣውን መመሪያ ያነባል፤ መደመሩን ራሱ ይደምራል። ቀጥሎ የሚፈጸመው ትእዛዝ የቱ እንደሆነ የምታመለክተው ደግሞ ከቦታ ወደ ቦታ የምትዛወር አንዲት የካርቶን ጥንዚዛ ናት። ኤሌክትሪክ የለም፣ ሞተር የለም፤ ፕሮሰሰሩ ተማሪው ራሱ ነው። ጥንዚዛዋን ተሳስቶ ያዛወረ ልጅ ፕሮግራሙ የት እንደሳተ በዓይኑ ያያል። በዘመናዊ ፕሮሰሰር ውስጥ የፕሮግራም ቆጣሪ የሚባለው ሬጅስተር፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ የቁጥር ማስቀመጫ፣ ሥራው የጥንዚዛዋ ሥራ ነው።

በዚያው ዓመት ዶናልድ ክኑዝ የፕሮግራሚንግ ጥበብን የሚያስተምረውን ታላቅ መጽሐፉን የመጀመሪያ ቅጽ አሳተመ። ምሳሌዎቹን የጻፈው ሚክስ ለተባለ፣ በየትም አገር ላልተሠራ ኮምፒውተር ነው። የገበያ ማሽኖች በየጥቂት ዓመቱ ያረጃሉ፤ በሐሳብ የተፈጠረ ማሽን ግን መጽሐፉ እስካለ ይኖራል። ተማሪው ሚክስን በሥራ ላይ ማየት ከፈለገ ባገኘው ኮምፒውተር ላይ ኢሙሌተር መጻፍ ነበረበት፤ ብዙዎችም ጽፈዋል።

ያልጨበጡት ቺፕ

በጃንዋሪ 1975 ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት አልቴር 8800 የተባለውን አነስተኛ ኮምፒውተር በሽፋኑ ይዞ ወጣ። ልቡ የኢንቴል 8080 ፕሮሰሰር ነው። ፖል አለንና ቢል ጌትስ ለዚህ ማሽን የቤዚክ ቋንቋ ለመጻፍ ተነሡ፤ አልቴር ግን አልነበራቸውም። አለን የኢንቴልን መመሪያ መጽሐፍ ይዞ፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፒዲፒ-10 ኮምፒውተር ላይ 8080ን የሚመስል ፕሮግራም ጻፈ። ጌትስና ሞንቴ ዴቪዶፍ ቤዚኩን የጻፉትና የሞከሩት በዚያ ላይ ነው። ፕሮግራሙ አልበከርኪ ከተማ ተወስዶ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ አልቴር ላይ ሲጫን ሠራ፤ 2 ሲደመር 2 ስንት ነው ሲባል 4 ብሎ መለሰ። በመመሪያ መጽሐፉ የተጻፈውን እያንዳንዱን ትእዛዝ በትክክል የተረዳ ሰው ቺፑን ሳይጨብጥ ፕሮግራም ሊጽፍለት እንደሚችል ይህ በግልጽ አሳየ።

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር የሞስ ቴክኖሎጂ ባልደረባ ቸክ ፔድልና ጓደኞቹ በሳን ፍራንሲስኮ 6502 የተባለውን ፕሮሰሰር ለገበያ አቀረቡ። የኢንቴሉ ቺፕ በመቶዎች ዶላር ሲጠራ 6502 ዋጋው 25 ዶላር ብቻ ነበር። ርካሽነቱ ብዙ በር ከፈተለት። አፕል 2፣ ኮሞዶር ፔት፣ በብሪታንያ ትምህርት ቤቶች የተሰራጨው ቢቢሲ ማይክሮ ሁሉ በ6502 የሚሠሩ ናቸው፤ የአታሪ 2600ና የኒንቴንዶ የጨዋታ ማሽኖችም የቅርብ ዘመዶቹን ይዘው ወጡ። የአንድ ትውልድ ልጆች ፕሮግራሚንግን የተማሩት በዚህ ቺፕ ላይ ነው።

የቢቢሲ ማይክሮን ቤዚክ የጻፈችው ሶፊ ዊልሰን ናት። ቤዚኩ በውስጡ የአሴምብሊ ትእዛዞችን፣ ማለትም የፕሮሰሰሩን የራሱን ትእዛዞች በምህጻረ ቃል፣ መጻፍ ይፈቅድ ስለነበር የደፈረ ተማሪ ወደ ፕሮሰሰሩ መውረድ ይችል ነበር። አንድ የተሳሳተ ዝላይ ግን ማሽኑን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ ለምን እንደቆመም አይናገርም። ኤድሳክ ላይ የነበረው ዝምታ ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ማሽንም አልቀረም።

ዊልሰንና ባልደረባዋ ስቲቭ ፈርበር በ1983 በካምብሪጁ ኤኮርን ኩባንያ አዲስ ፕሮሰሰር መንደፍ ጀመሩ። መነሻ ከሆኗቸው ነገሮች አንዱ የካሊፎርኒያው በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ትእዛዞቻቸው ጥቂትና ቀላል ስለሆኑ ፕሮሰሰሮች ያወጣቸው ጥናቶች ናቸው። ዊልሰን የአዲሱን ፕሮሰሰር የትእዛዝ ስብስብ የፈተነችው በቢቢሲ ቤዚክ በጻፈችው አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ 6502 ገና ያልተወለደውን ቺፕ ሆኖ ሠራ ማለት ነው። የመጀመሪያው አርም ቺፕ ኤፕሪል 26 ቀን 1985 ከፋብሪካ ሲመጣ በመጀመሪያ ሙከራ ሠራ። ዛሬ በኪሳችን የያዝናቸው ስልኮች ፕሮሰሰሮች የዚያ ቺፕ ዘሮች ናቸው።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ክፍል

በ1990 ጄምስ ላሩስ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ስፒም የተባለውን፣ የሚፕስ ፕሮሰሰርን የሚያስመስል ፕሮግራም ለተማሪዎቹ ጻፈ። ዴቪድ ፓተርሰንና ጆን ሄነሲ በኮምፒውተር አደረጃጀት ላይ በጻፉት ታዋቂ የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ስለተካተተ ስፒም በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ተሰራጨ። ከዚያ በኋላ በሚዙሪ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፒት ሳንደርሰንና ኬን ቮልማር ማርስ የተባለውን አዘጋጁ። በማርስ ተማሪው የአሴምብሊውን ጽሑፍ፣ የ32ቱን ሬጅስተሮች ይዘትና ሜሞሪውን ጎን ለጎን እያየ አንድ ትእዛዝ ወደፊት ብቻ ሳይሆን ወደኋላም መሄድ ይችላል። ወደኋላ መመለስ የሚችል እውነተኛ ቺፕ የለም። ለማስተማር የተሠራው ቅጂ ለዚሁ ሥራ ከዋናው የበለጠ የሚመች የሆነው እዚህ ላይ ነው።

ቢሆንም አንድ እንቅፋት ነበር። እነዚህ ፕሮግራሞች በየኮምፒውተሩ መጫን አለባቸው። ማርስ ጃቫ ይፈልጋል፤ ጃቫው ደግሞ ትክክለኛው ቅጂ መሆን አለበት፤ በቤተ ሙከራ ኮምፒውተር ላይ ተማሪ እንዳሻው ፕሮግራም እንዲጭን አይፈቀድለትም። መምህሩ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ስለ ፕሮሰሰር ከማስተማር ይልቅ የእያንዳንዱን ተማሪ ኮምፒውተር ሲያስተካክል ያሳልፈዋል።

ብራውዘሩ ፕሮሰሰር ሲሆን

ብሬንዳን አይክ በሜይ 1995 በኔትስኬፕ ኩባንያ ጃቫስክሪፕትን በ10 ቀን ውስጥ ሲነድፍ ያሰበው ድረ ገጾች ላይ ትንንሽ እንቅስቃሴ የሚጨምር ቋንቋ ነበር። ፕሮሰሰር ያስመስልበታል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ቋንቋው ዝግተኛ ቢሆንም አንድ ትልቅ ጸጋ ነበረው፤ ብራውዘር ያለበት ኮምፒውተር ሁሉ ላይ አስቀድሞ ተጭኖ ይገኛል።

በ2006 ስቲያን ሶረንግ የተባለ ፕሮግራመር ይህን ጸጋ ተጠቅሞ የ6502 አሴምብለር (አሴምብሊን ወደ ማሽኑ ቁጥሮች የሚለውጥ ፕሮግራም) እና ኢሙሌተር በጃቫስክሪፕት ጻፈ። ፕሮግራሙን በአንድ ሳጥን ውስጥ ትጽፋለህ፣ ቁልፍ ትጫናለህ፣ ከጎኑ ያለው ትንሽ ስክሪን ላይ ውጤቱ ይታያል። ሶረንግ ኮዱን ሌሎች ወስደው እንዲያሻሽሉት በነጻ ፈቃድ ስለለቀቀው ሥራው ከእሱ ጋር አልቀረም።

በ2008 ጉግል ክሮም ብራውዘርን ሲያወጣ የጃቫስክሪፕት ፍጥነት ውድድር ጦፈ። ብራውዘሮች ኮዱን በየመስመሩ ከመተርጎም ይልቅ በሥራ ላይ እያለ ወደ ማሽን ቋንቋ መለወጥ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ በተከታታይ የወጡት ሥራዎች የሚያስደንቁ ናቸው። ግሬግ ጄምስ፣ ባሪ ሲልቨርማንና ብራያን ሲልቨርማን የ6502ን ሽፋን በትኩስ አሲድ አሟሙተው ቺፑን በማይክሮስኮፕ ፎቶ አነሡት። እያንዳንዱን ሽቦና ትራንዚስተር ከፎቶው ላይ ተከትለው በኮምፒውተር ሣሉት። በ2010 ቪዥዋል 6502 ተብሎ ሲወጣ ማንም ሰው በብራውዘሩ 3,510 ትራንዚስተሮች ሲከፈቱና ሲዘጉ ለማየት ቻለ። እውነተኛው ቺፕ በሰከንድ 1 ሚሊዮን ያህል ምት ሲመታ፣ ይኸኛው ሆን ተብሎ ዓይን እስኪከተለው ድረስ ያዘግማል፤ ሽቦዎቹም ኤሌክትሪኩ ሲያልፍባቸው ቀለም ይለውጣሉ። በ2011 ደግሞ ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር አንድ ሙሉ የግል ኮምፒውተር በጃቫስክሪፕት አስመስሎ ሊነክስ የተባለውን ስርዓተ ክወና ብራውዘር ውስጥ አስነሣ። ያን ያየ ሰው ሁሉ ብራውዘር ለመማሪያ ፕሮሰሰር ይበቃል ወይ የሚለውን ጥያቄ እርግፍ አድርጎ ተወው።

ለጀማሪ ግን የሁሉንም ፍሬ በአንድ ገጽ የሰበሰበለት ኒክ ሞርጋን ነው። ሞርጋን በ2012 የሶረንግን ኢሙሌተር አሻሽሎ ኢዚ 6502 በተባለ ነጻ የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አስገባው። መጽሐፉ ድረ ገጽ ነው፤ ኢሙሌተሩም ከማብራሪያው አንቀጾች መካከል ተቀምጧል። አንባቢው ያነባል፣ እዚያው ይሞክራል፣ ያበላሻል፣ እንደገና ይሞክራል፤ በመጨረሻው ምዕራፍም በአሴምብሊ የተጻፈ የእባብ ጨዋታ ላይ ይደርሳል።

አምስት ቁጥሮች

የዚህን መጽሐፍ የመጀመሪያ ትምህርት ቀረብ ብለን እንየው። ስክሪኑ 32 በ32፣ በድምሩ 1,024 ነጥቦች አሉት። እያንዳንዱ ነጥብ የሜሞሪ ቦታ ነው፤ የላይኛው ግራ ጥግ የቦታ ቁጥሩ 512 ነው። እዚያ ቦታ ላይ 1 ቢጻፍ ነጥቡ ነጭ ይሆናል። ተማሪው በመጀመሪያ የሚጽፋቸው ሁለት ትእዛዞች እነዚህ ናቸው፦ ቁጥር 1ን ኤ ወደተባለው ሬጅስተር ጫን፤ ኤ ላይ ያለውን በ512 ቦታ አስቀምጥ።

አሴምብለሩ ይህን ወደ አምስት ቁጥሮች ይለውጠዋል። መሣሪያው በአሥራ ስድስት መደብ ቢያሳያቸውም በለመድነው በአሥር መደብ ሲጻፉ 169፣ 1፣ 141፣ 0፣ 2 ናቸው። 169 ማለት ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ኤ ላይ ጫን ነው። 141 ማለት ኤ ላይ ያለውን ቀጥለው በተጻፉት ሁለት ቁጥሮች በሚጠቆመው ቦታ አስቀምጥ ነው። 6502 ትንሹን ክፍል አስቀድሞ ስለሚያነብ 0 እና 2 የሚጠቁሙት 2 ጊዜ 256፣ ማለትም 512ን ነው። ቁጥሮቹ ከ1536ኛው የሜሞሪ ቦታ ጀምሮ ይቀመጣሉ። ተማሪው አንድ ደረጃ የሚያስኬደውን ቁልፍ ሲጫን ኤ ከ0 ወደ 1 ይለወጣል፤ የፕሮግራም ቆጣሪው ከ1536 ወደ 1538 ያልፋል። እንደገና ሲጫን ቆጣሪው 1541 ላይ ይደርሳል፤ ጥጉ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ትበራለች።

አሁን ተማሪው ጀማሪ ሁሉ የሚሠራውን ስህተት ይሥራ። በአሴምብሊው ጽሑፍ ከ1 በፊት የሚቀመጠውን አንዲት ምልክት ይርሳ። አሴምብለሩ አይቃወምም፤ በ169 ፈንታ 165 ይጽፋል። 165 ማለት ግን በ1 ቁጥር ቦታ ያለውን ነገር አምጥተህ ጫን ነው። በዚያ ቦታ ያለው 0 ስለሆነ ኤ 0 ሆኖ ይቀራል፤ ነጥቡም ጥቁር እንደሆነ ይቆያል። ተማሪው ፕሮግራሙን በአንድ ትንፋሽ ቢያስኬደው የሚያየው አለመሥራቱን ብቻ ነው። ደረጃ በደረጃ ቢያስኬደው ግን ከመጀመሪያው እርምጃ በኋላ ኤ ላይ 1 መኖር ሲገባው 0 እንዳለ ይመለከታል። በዚያች ቅጽበት ቁጥርና የቁጥር አድራሻ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ይገባዋል። ይህን ልዩነት ያልጨበጡ ተማሪዎች በኋላ በሲ ቋንቋ ፖይንተር የሚባለው ላይ ሲደርሱ ለወራት ይደናበራሉ። እዚህ ግን ጉዳዩ በሁለት የቁልፍ ምት ዓይን ፊት ይወጣል።

እንዲህ ያለውን መሣሪያ ማዘጋጀት ለአንድ ትጉህ መምህር ወይም ለከፍተኛ ዓመት ተማሪ የሚቻል ሥራ ነው። ሜሞሪው 65,536 ቁጥሮች የያዘ አንድ ዝርዝር ነው። ሬጅስተሮቹ ጥቂት ተለዋዋጮች ናቸው። ልቡ ደግሞ የማያቋርጥ ዙር ነው፦ የፕሮግራም ቆጣሪው ከሚያመለክተው ቦታ ቁጥሩን አንብብ፣ የምን ትእዛዝ እንደሆነ ለይ፣ ፈጽም፣ ቆጣሪውን አሳልፍ፣ ተመለስ። አስቸጋሪው ጥንቃቄው ነው። በጃቫስክሪፕት 255 ላይ 1 ሲደመር 256 ይሆናል፤ በ6502 ግን 0 ሆኖ ትርፉ የካሪ ምልክትን ያነሣል፤ ኢሙሌተሩ ይህን በየመደመሩ ማክበር አለበት። ተማሪ የማያልቅ ዙር መጻፉ አይቀርም፤ ኢሙሌተሩ ትእዛዞቹን በትንንሽ ክፍል እየከፈለ በየመካከሉ ለብራውዘሩ ፋታ ካልሰጠ ገጹ ከነማቆሚያ ቁልፉ ይደርቃል። ሁሉም ካለቀ በኋላም የክላውስ ዶርማንን የመሳሰሉ፣ ትእዛዞቹን አንድ በአንድ የሚፈትኑ ነጻ የመፈተኛ ፕሮግራሞች ላይ ማስኬድ ይገባል። የተሳሳተ ኢሙሌተር ስህተትን እውነት አድርጎ ያስተምራልና።

ፈቃድ የማይጠየቅበት ፕሮሰሰር

6502 ለጀማሪ ድንቅ መምህር ነው፤ ነገር ግን የ1975 ቺፕ ነው። የዘመኑን ፕሮሰሰሮች ማስተማር የፈለጉ ዩኒቨርሲቲዎች ዓይናቸውን የጣሉት ሪስክ-ፋይቭ ላይ ነው። ክርስቴ አሳኖቪችና ተማሪዎቹ አንድሩ ዋተርማንና ዩንሰፕ ሊ በ2010 በበርክሊ ሥራውን ጀመሩ፤ ዴቪድ ፓተርሰንም አብሯቸው ነበር። ዓላማቸው ማንም ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅና ሳይከፍል ሊማርበትም ሊሠራበትም የሚችል የትእዛዝ ስብስብ ማውጣት ነበር። መሠረታዊ ትእዛዞቹ ከ50 ያነሱ ስለሆኑ አንድ ተማሪ በአንድ መንፈቀ ዓመት ሁሉንም ሊያውቃቸው ይችላል።

የበርክሊ የኮምፒውተር አሠራር ኮርስ ከሚፕስ ወደ ሪስክ-ፋይቭ ሲዞር በኬይሃን ቫኪል የተጻፈው ቬነስ የተባለ ኢሙሌተር አብሮ መጣ። ቬነስ የሚሠራው በብራውዘር ነው፤ የሚጫን ነገር የለውም። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሄንሪ ዎንግ ያዘጋጀው ሲፒዩሌተር ደግሞ ፕሮሰሰሩን ብቻ ሳይሆን ተማሪዎች በቤተ ሙከራ የሚጠቀሙበትን ቦርድ መብራቶችና ማብሪያ ማጥፊያዎች ጭምር ብራውዘር ላይ አመጣ። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ቤተ ሙከራዎችን ሲዘጋ የእንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ጥቅም ለሁሉም ግልጽ ሆነ፤ ቦርዱን መንካት ያልቻለ ተማሪ ቤቱ ሆኖ ያንኑ ፕሮግራም ጽፎ መብራቶቹን ማብራት ይችል ነበር። በ2019 መጨረሻ ዌብአሴምብሊ የተባለው በብራውዘር ውስጥ የሚሠራ የኮድ ዓይነት የድረ ገጽ ይፋዊ ደረጃ ከሆነ ወዲህ በሲና በመሰል ቋንቋዎች የተጻፉ ነባር ኢሙሌተሮችም እንደገና ሳይጻፉ ወደ ብራውዘር መምጣት ችለዋል።

ይህ ታሪክ እኛንም ይመለከታል። በአገራችን በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የማይክሮፕሮሰሰርና የአሴምብሊ ኮርስ ይወስዳል። በ2024 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ደግሞ ፕሮግራሚንግን በኢንተርኔት ለብዙ ወጣት አቅርቧል። በእነዚህ ሁለት መንገዶች መካከል ድልድይ ያስፈልጋል። ድረ ገጽ መሥራት የተማረ ወጣት የጻፈው መስመር ከታች ምን እንደሚሆን ካላየ እውቀቱ በላይ በላዩ ይቀራል፤ አሴምብሊን በሰሌዳ ላይ ብቻ ያየ ተማሪም ፈተናውን ያልፍና ይረሳዋል።

በብራውዘር የሚሠራ ኢሙሌተር ለዚህ ድልድይ የሚመችበት ምክንያት አለ። ስሌቱ ሁሉ የሚካሄደው በተማሪው ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ነው፤ ትልቅ ሰርቨር አያስፈልገውም። ጥቂት የጽሑፍ ፋይሎች ስለሆነ በፍላሽ ተገልብጦ ኢንተርኔት በሌለበት ቤተ ሙከራም ይከፈታል። ኮዱ ክፍት ስለሆነም የአዝራሮቹን ስም፣ የስህተት መልእክቶቹንና ማብራሪያውን በአማርኛም ሆነ በሌሎች ቋንቋዎቻችን ለመጻፍ የሚከለክል የለም። ይህ የአንድ ክፍል ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ሠርተው ሲጨርሱም ከእነሱ በታች ላሉት የሚያስረክቡት መማሪያ ይሆናል።

በካምብሪጅ አንድ ሰው ማሽኑን አስቁሞ ሲያስብ ሌሎች ተሰልፈው ይጠብቁት ስለነበር ቆም ብሎ ማሰብ እንደ ብክነት ተቆጠረ። ዛሬ ማንም ተሰልፎ አይጠብቅም። ተማሪ ሺህ ጊዜ ቢያስቆም፣ ሺህ ጊዜ ወደኋላ ቢመለስ የሚያባክነው የማሽን ጊዜ የለም። እንግዲህ የቀረው የመምህሩ ድርሻ ነው። ፕሮግራሙ ሠራ ወይስ አልሠራም ብሎ ከመጠየቅ አልፎ፣ ተማሪውን በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ አስቁሞ ቀጥሎ ምን ይሆናል ብሎ ይጠይቀው፤ መልሱንም ከሬጅስተሩ ጋር ያስተያየው። ፕሮሰሰርን በዚህ መንገድ የተማረ ሰው ነገ በየትኛውም ቋንቋ ቢጽፍ ከመስመሮቹ በታች ያለውን ያውቃል፤ ስህተት ሲገጥመውም በግምት አይባዝንም።